ጣርማበር ላይ የሚቀሩ ፈረሶች

ከሚሴ መኪናን በጆሮዋ የምትለይ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ስለሚያልፍ፣ ወጪውም ወራጁም በየደጃችን እያጓራ ነው የሚሄደው። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቅጥቅጥ ነው፤ ማርሽ ቀነሰ፤ ሊቆም ነው» የምትል ጎረቤት አለችኝ። እንግዳ ሲመጣባት ከመናኸሪያ ደላሎች ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። እሑድ ለሰንበቴ፣ ሰኞ ለባቲ ገበያ የሚጭኑ መኪኖች ሌሊቱን ሲንቀሳቀሱ ደግሞ እያንዳንዱን በማርሚታው እናውቀዋለን። ማርሚታው የተቀደደው አንዱ አይሱዙ የሱብሂን አዛን ቀድሞ ይቀሰቅሰናል። ሙአዚኑ ቅር ቢለውም፣ እሱም የሚነቃው በዚያው መኪና ነው።

የዚህ ከተማ ልጅ ባጃጅ ሲገዛ ታዲያ ከቀለሙ በፊት የሚያስጨንቀው ድምፁ ነው።

የማዘወትረው ሻይ ቤት ከአንድ በያጅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በያጁ ማርሚታ ይበይዳል፣ ይቆርጣል፣ ሲያስፈልግም ከቆርቆሮ ጠቅልሎ አዲስ ይሠራል። ወረፋ የሚጠብቁ ደንበኞቹ የሚያረፍዱት እኛ ዘንድ ስለሆነ የማርሚታ ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ የሚወድቀው እኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ መኪና የለኝም፤ ባጃጅም፣ ሞተር ብስክሌትም የለኝም። ይህ ገለልተኛ ዳኛ አድርጎኛል። ካነበብኩት ላይ ከነጂዎች የሰማሁትን ጨምሬ እመልሳለሁ፤ ተጠያቂነቱን ግን ለበያጁ እተዋለሁ።

«ጋሼ፣ ማርሚታውን ባስቆርጠው ጉልበት ይጨምራል?»

ቁጥር አንድ ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂው ስልኩን አውጥቶ አንድ ቀይ ሙስታንግ ያሳየኛል። ሙስታንጉ ባለበት ቆሞ ጎማውን ያሽከረክራል፤ በገዛ ጭሱ ተሸፍኖ ይጠፋል፤ ድምፁ ብቻ ይቀራል። «እንዲህ እንዲል ነው የምፈልገው» ይለኛል ልጁ፣ አስፋልቱ ዳር ወደቆመችው ሰማያዊ ባጃጁ በአገጩ እየጠቆመ።

እንግዲህ እንደ ሙስታንግ ያሉ የአሜሪካ ጡንቸኛ መኪኖች ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ፖንቲያክ፣ ልከኛ በሆነ የቤተሰብ መኪና ውስጥ ከልክ ያለፈ ሞተር ከተተና ጂቲኦ ብሎ ሸጠው። ስምንት ሲሊንደር፣ 6.4 ሊትር፣ 325 የፈረስ ጉልበት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ፎርድ ሙስታንግን አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ አሥር ዓመት ላልሞላ ጊዜ የአሜሪካ ጎረምሳ ሁሉ በየመብራቱ ላይ ሲሽቀዳደም ኖረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉ፤ ዋጋው ተወነጨፈ፤ ጡንቸኞቹም ከሱ። ያ የነዳጅ ቀውስ እኛም ዘንድ ደርሷል። የካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የቤንዚን ዋጋ ጭማሪን ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ አብዮቱን ካቀጣጠሉት አንዱ ሆኑ። አሜሪካ ውስጥ ሙስታንግን ያከሳ የቤንዚን ዋጋ፣ እኛ ዘንድ ንጉሥ ሲያወርድ አገዘ። በቤንዚን ጉዳይ ቀልድ የማንወደው በዚህ ይመስለኛል።

ወደ ባጃጁ ልመለስ። ባጃጅ አንድ ሲሊንደር አላት፤ 200 ሲሲ አካባቢ ናት፤ ጉልበቷ ቢበዛ አሥር ፈረስ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ጂቲኦ ለማግኘት መናኸሪያው ፊት ከተሰለፉት ባጃጆች ሠላሳ ሦስቱን በአንድ ገመድ ማሰር ያስፈልጋል። ይህን ስነግረው ልጁ ትንሽ አሰበና፣ «ሠላሳ ሦስቱም ማርሚታቸው ከተቆረጠ ነው?» አለኝ።

የጭስ መውጫ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ከነደደ በኋላ ቫልቩ ሲከፈት፣ ታፍኖ የነበረው ትኩስ ጋዝ ባንድ ጊዜ ወደ ቱቦው ይፈነዳል። እያንዳንዱ ፍንዳታ አንድ ምት ነው። በአሜሪካኖቹ ስምንት ሲሊንደር ላይ አራቱ በቀኝ፣ አራቱ በግራ ተሰልፈው፣ የሚነዱት ግን ቀኝና ግራ እየተፈራረቁ ስላልሆነ፣ ከአንዱ ወገን የሚወጡት ምቶች በእኩል ርቀት አይመጡም፤ ሁለቱ ይቀራረቡና ሌላው ይዘገያል። ያ የሚያንጎራጉር ድምፅ የሚፈጠረው ከዚህ መዛባት ነው። ስምንት ሲሊንደር የመንዙማ ቤት ነው፤ ድቤው አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ይቀበላል። ባጃጅ ግን ብቻውን የሚያጨበጭብ ሰው ነው፤ ግድግዳውን ብታፈርስለት ጭብጨባው ሩቅ ይሰማል እንጂ መንዙማ አይሆንም። ኮሮላም ቢሆን አራቱ ሲሊንደሮቹ በእኩል ስለሚመቱ፣ ማርሚታውን ስታስቆርጠው የሚያገኘው የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው።

ጉልበቱስ? እውነት ለመናገር ማርሚታ ጋዙን ትንሽ ያጉላላዋል። ውስጡ ባዶ በርሜል አይደለም፤ ክፍልፋይ ግድግዳዎችና የተበሳሱ ቱቦዎች አሉበት፤ ድምፁ እዚያ እየተጋጨ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በትልቅ ሞተር ላይ፣ ያውም እስከ ጥግ ተረግጦ ሲነዳ፣ ሰፋ ያለ መውጫ ጥቂት ፈረሶች ይጨምራል። መካኒኮቻችን ደግሞ በተቃራኒው «ሞተር የኋላ ግፊት ካላገኘ አይጎትትም» ይላሉ፤ ይህም ልክ አይደለም። ሞተር ግፊት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጋዙ በፍጥነት እንዲወጣና ሲወጣ ተከታዩን ስቦ እንዲያወጣለት ነው። ቱቦው በጣም ከሰፋ ወይም በማይሆን ቦታ ከተቆረጠ ጋዙ ይሰንፋል፣ መሳቡም ይቀራል። ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ በዝቅተኛ ዙር፣ ከቆሙበት ሲነሡ ነው። ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ሌላ ምን ትሠራለች? ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ ማሽላ ጭና ከቆመችበት ትነሣለች፤ ትቆማለች፤ ደግሞ ትነሣለች።

ማርሚታዋ የተቆረጠ ሞተር አልፎ አልፎ ነጂው ነዳጅ ሲለቅ «ጧ!» ትላለች፤ ያልነደደ ቤንዚን ቱቦው ውስጥ ደርሶ ሲቀጣጠል ነው። ልጆቹ ይወዱታል። በዚህ መንገድ ዳር ያለፉትን ዓመታት የኖርን ሰዎች ግን አንወደውም፤ ተኩስ ይመስለናል። አንዲት ሞተር ብስክሌት እንዲያ ብላ ስታልፍ፣ የሱቅ መዝጊያዎች ተራ በተራ ሲወርዱ አይቻለሁ። ነጂው የሳቀው ብቻውን ነበር።

ድምፅ ማፈኛና ጠመንጃ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውም የሚያስገርም ነው። መትረየሱን የሠራው ሂራም ማክሲም ከጠመንጃ ጩኸት ጋር ኖሮ ጆሮው እስኪደነቁር ደረሰ። ልጁ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ በዚያው ዘዴ የሞተር ማርሚታም ሠራ። አባት ያስጮኸውን ልጅ ዝም ሲያሰኝ ኖረ ማለት ነው። በእኛ ከተማ የሚታየው የዚህ ግልባጭ ነው፤ አባት የገዛውን ማርሚታ ልጅ ያስቆርጣል።

በያጁ ጓደኛችን ግን ከማንም ጋር አይከራከርም። ሲቆርጥ ይከፈለዋል፤ የተቆረጠውን ማርሚታ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቅሎ የባለቤቱን ስም በኖራ ይጽፍበታል። የቦሎ ምርመራ ሲቃረብ ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ መልሶ ሲበይድላቸውም ይከፈለዋል። ቦሎው ሲለጠፍ ደግሞ «ቁረጥልኝ» ይሉታል። «አብሽር፣ ቦታው አይጠፋኝም፤ ምልክት አድርጌበታለሁ» ይላል። በዚህ ዞን ከጡንቸኛ መኪና ያተረፈ ሰው ካለ እሱ ነው፤ አንድም ቀን ግን አይቶት አያውቅም።

ከጠያቂዎቻችን ሁሉ ያሸነፈኝ ከጨፋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በበጋ የጨፋ ረግረግ ለምለም ስለሚሆን ከብቱም ግመሉም ከየአቅጣጫው ወደዚያ ይወርዳል፤ አስፋልቱንም ይሻገራል። ከግመሎቻቸው ጋር ሲሻገሩ ማርሚታ የሌላት ሞተር ብስክሌት መሀላቸው ገብታ ግመሎቹን በተነቻቸው። ሰብስበው ሲጨርሱ ሻይ ቤቱ ገቡና ዱላቸውን አስደግፈው ተቀመጡ።

«ይሄ የሚጮኸው፣ ከማይጮኸው ይፈጥናል?» አሉ።

«አይ አባቴ፣ አይፈጥንም» አልኳቸው።

«ይጭናል?»

«አይጭንም።»

«ታዲያ ለምን ይጮኻል?»

«ስለሚያምር ነው።»

«ለማን?»

መልስ አልነበረኝም። ባለ ባጃጁ ልጅ ጎንበስ ብሎ የሻይ ብርጭቆውን ያማስል ጀመር፤ ስኳሩ ግን ከሟሟ ቆይቷል።

ስለ ጉልበት ከተነሣ የእኛ መንገድ ከማንም በላይ የሚያስተምር መንገድ ነው። ከሚሴ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ወደ አዲስ አበባ ስትወጣ ሸዋ ሮቢትን ታልፍና ደብረ ሲናን ይዘህ ጣርማበር ትደርሳለህ፤ እሱ 3,200 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጣልያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ዋሻም እዚያ አለ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ አየርም ይበላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ያንን 325 ፈረስ ያለውን ጂቲኦ ከባሕር ዳርቻ አምጥተን ብናስነሣው ከሚሴ ላይ አርባ አምስት ያህሉ ፈረስ ቀድሞ ጠፍቶበታል፤ ጣርማበር ዋሻ በር ላይ ደግሞ የጎደሉት ወደ መቶ ይጠጋሉ። ወሎ ፈረስ ያውቃል፤ መቶ ፈረስ ዳገት ላይ ጥሎ የመጣ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚባል መናገር አያስፈልገኝም።

ቱርቦ ያለው አይሱዙ ግን አብዛኞቹን ይዞ ይወጣል። ምክንያቱ ያው የምንንቀው ጭስ ነው። ጭሱ ከሞተሩ ሲወጣ ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ ያ ተሽከርካሪ የሳሳውን አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ልጆቻችን አስቆርጠው ሜዳ ላይ የሚበትኑት ጭስ፣ ጣርማበር ላይ ሠራተኛ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይሠራል። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት 1,900 ሜትር ያህል መውረድ ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ያንን ሁሉ በእግር ፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ግሎ ይቃጠላል፤ ሽታው ደብረ ሲና ላይ ለሚጠብቅ ተሳፋሪም ይደርሳል። ስለዚህ ከባድ መኪኖች ጭስ መውጫው ቱቦ ላይ የሚዘጋ ክዳን አላቸው። ነጂው ማብሪያውን ሲነካ ክዳኑ ይዘጋል፤ ፒስተኑ ጋዙን ማስወጣት ስለሚከብደው ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። አንድ የረጅም መንገድ ሹፌር፣ የባቲን መንገድ ይዞ ወደ ሚሌ የሚመላለስ፣ ሻዩን ፉት እያለ ለባለ ባጃጁ እንዲህ አለው፦ «ወንድሜ፣ አንተ እንዲጮህ ትከፍላለህ። እኔ ይህን ቁልቁለት የወረድኩት ታፍኖ ነው።»

ስለ ጭስ ቀለም የሚጠይቀኝ ሰው ከሐኪም ፊት የቀረበ በሽተኛ ይሆንብኛል፤ ሁሉም ቀለሙን አሳንሶ ነው የሚናገረው። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየጠጣ ነውና ገንዘብ ማጠራቀም ጀምር። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ የራዲያተሩም ውሃ የሚጎድል ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የተገዛ፣ ላምባ የተቀየጠ ቤንዚን ደግሞ የራሱን ቀለም ይፈጥራል፤ እሱን የሚፈታው ቤንዚኑን የሸጠው ልጅ ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከቱቦው ውሃ ሲንጠባጠብ አይቶ የተደናገጠ ባለ ቪትዝም መጥቶ ነበር። ጤነኛ ነው አልኩት። ቤንዚን ሲነድ ውስጡ ያለው ሃይድሮጂን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። ማርሚታን ከውስጥ የሚበላውም ያ ውሃ ነው፤ መኪናው አጫጭር መንገድ ብቻ ሲሄድ ቱቦው ሳይሞቅና ሳይደርቅ ይቀርና ይዝጋል። ባለ ቪትዙ ይህን ሰምቶ፣ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ መሰንበቱን አስታወሰና፣ «ታዲያ ሃያ ሊትር ብሞላ አንድ ጀሪካን አገኛለሁ?» አለ። ሂሳቡ ትክክል ነበር። ዋጋው ላይ ነው ያልተስማማነው።

የእሱ መኪና ካታላይዘሩ ተወልቆለታል። ከሞተሩ ቀጥሎ የሚቀመጥ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሸክላ የያዘ እቃ ነው፤ ሸክላው በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተቀብቷል፤ ሲግል መርዛማውን ጋዝ ያከሽፋል። አሜሪካኖች ከእ.ኤ.አ. 1975 ሞዴል ጀምረው በመኪኖቻቸው ላይ አደረጉት፤ እርሳስ ያለው ቤንዚን ስለሚገድለው ቤንዚኑንም ለወጡ። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳሱን እ.ኤ.አ. በ2005 ማብቂያ ላይ ተሰናበተ፤ ከዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፣ በ2021። የባለ ቪትዙን ግን «ነዳጅ ይበላብሃል» ብለው ነው ያወለቁበት። ነዳጅ አይበላም። የሚበላው ነገር ቢኖር የገዢዎችን ዓይን ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት ውድ መሆኑን ያወለቀው ሰው ያውቃል፣ ያስወለቀው ግን አያውቅም።

አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልናገር። ከተቀደደ ማርሚታ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ተለኩሶ ቤተሰብ የሚጨርሰው ጋዝ ራሱ ነው። ደጋ ላይ ብርድ ሲበረታ መስኮት ዘግቶ፣ ሞተር አስነሥቶ የሚተኛ ረዳት፣ ከወለሉ ሥር ያለው ቱቦ ቀዳዳ ካለው ላይነሣ ይችላል። በሽቦና በዘይት ቆርቆሮ የተጠገነ ማርሚታ ይዘህ ሞተር እየሠራ አትተኛ።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ከዚያው ከባለ ባጃጁ ልጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ኢትዮጵያ ይህን በማድረግ ከዓለም የመጀመሪያዋ ተባለች። አሁን የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማችን እያለፉ ነው፤ ጎረቤቴም ሽንኩርቷን እየከተፈች ምንም ስለማትሰማ ሁለት ጊዜ እንግዳ አምልጧታል። እነዚህ መኪኖች ማርሚታ የላቸውም። አየር ስለማይበሉ ጣርማበር ላይ አየሩ በመሳሳቱ አንድ ፈረስ አይጥሉም፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሞተሩ እየያዛቸው ባትሪያቸውን ይሞላሉ። ጭሱ ይሠራው የነበረውን ሁሉ ያለ ጭስ ይሠሩታል።

«ጡንቸኞቹስ? እነሱም ኤሌክትሪክ ይሆናሉ?» አለ ልጁ።

አንዱ ሆኗል አልኩት። ዶጅ የስምንት ሲሊንደር ቻርጀሩን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ማምረት አቁሞ በኤሌክትሪክ ተካው። ደንበኞቹ ድምፁን እንዳያጡ ግን ከመኪናው ኋላ የድምፅ ማጉያና የድምፅ ማንጎራጎሪያ ክፍሎች ገጠመለት፤ ኩባንያው እስከ 126 ዴሲቤል ይጮኻል ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። ጭስ የለም፣ ፍንዳታ የለም፣ ጩኸቱ ብቻ ቀርቷል።

ይህን መናገር አልነበረብኝም። ልጁ ሻዩን ሳይጨርስ ብድግ አለ። ስለዚህ በከሚሴ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ስፒከር የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ ስለ ጎረቤት ሐቅ ስትሉ፣ ባለ ሰማያዊ ባጃጁ ልጅ ከመጣ «አልቋል» በሉት።